የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የፊልም ሕይወት፦ በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘጋቢ ፊልም ማሳየት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኑኝ። የኃይሌ ገሪማ ሥራ በታየ ቁጥር መብራቱ ሳይበራ ጥያቄው ይጀምራል፤ ጥያቄዎቹም ከዓመት ዓመት ይመሳሰላሉ። ጎንደር የወለደቻቸውን እኚህን ሰው የጎንደር ልጆች በቅጡ ሳያውቋቸው እንዲያድጉ አልፈልግምና መልሶቹን ጻፍኳቸው። «ዓ.ም.» ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌሎቹ ዓመታት የአውሮፓውያን ናቸው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ የተወለዱት በእርግጥ ጎንደር ነው?

አዎ፣ የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። ቀኑን ልብ በሉት፤ የአድዋ ድል 50 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን ነው። ከዚያ አራት ዓመት ከጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው እዚሁ ከተማ ነበር። ጎንደር በኢትዮጵያ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ትልቅ ምሽግ ነበረች። ስለዚህ ኃይሌ ያደጉት በየቤቱ የአርበኛ ጠመንጃ በተሰቀለበት፣ ሽለላና ቀረርቶው ገና ትኩስ በሆነበት ዘመን ነው።

ቤታቸውም ከዚህ ታሪክ የራቀ አልነበረም። አባታቸው ገሪማ ታፈረ አርበኛ፣ ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። የጎንደርን አርበኞች ተጋድሎ የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው» የጻፉት እርሳቸው ናቸው። አባት በብዕር ያኖሩትን ልጅ በካሜራ አስቀጠሉት ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በልጅነታቸው ፊልም ያዩ ነበር? ምን ዓይነት?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የቀሪውን ሕይወታቸውን ቁልፍ ይዟልና።

ጣሊያን ጎንደርን የአስተዳደር ማዕከሉ ባደረገ ጊዜ ፒያሳን ሲሠራ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤትም ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ያደጉት የጎንደር ልጆች ያዩ የነበረው የውጭ ፊልም ነው፤ የካውቦይ፣ የታርዛን። ፕሮፌሰር ኃይሌ በቃለ ምልልሶቻቸው እንደሚናገሩት፣ ከፊልሙ ሲወጡ በጎንደር ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ ያዩትን ይጫወቱ ነበር። ሁሉም ካውቦይ መሆን ይፈልጋል፤ ቀይ ሕንዱን መሆን የሚፈልግ አይገኝም። በታርዛን ፊልም ደግሞ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት ልጆቹ «መጡብህ!» ብለው ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮሁ ነበር።

እስቲ አስቡት። አባቱ ለነጻነት የተዋጋ የጎንደር ልጅ አፍሪካዊው እንዳያሸንፍ ይጮሃል። ማንም አላስገደደውም። የፊልሙ አሠራር ነው ዓይኑን ከታርዛን ጀርባ ያስቀመጠው። ኃይሌ ገሪማ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ፣ እኔ እንደማየው፣ ያንን ዓይን ወደ ቦታው የመመለስ ሥራ ነው። በሌላ በኩል አያታቸው በምድጃ ዙሪያ ይነግሯቸው የነበረውን ተረት ሁልጊዜ ያነሳሉ። ተረት አነጋገርን ከሲኒማ ቤቱ በፊት ያስተማረቻቸው አያታቸው ናት።

ወደ ፊልም እንዴት ገቡ?

በቲያትር በኩል። በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው ቺካጎ በሚገኘው የጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ትወና ተማሩ። የሚሰጣቸው ሚና ግን የአጫፋሪ ነበር። በ1970 ገደማ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም መማር ጀመሩ። በዚያ ያገኟቸው ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽና ሌሎችም ወጣት ጥቁር ፊልም ሠሪዎች በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» በሚል ስም የታወቁት ናቸው። የሆሊዉድን መንገድ ትተው የሕዝባቸውን ኑሮ በራሳቸው አነጋገር ማሳየት ፈለጉ።

ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ናቸው ወይስ የልብ ወለድ?

ሁለቱንም ናቸው፤ ድንበሩንም ብዙ አያከብሩትም። በተማሪነታቸው የሠሩት «ቡሽ ማማ» ልብ ወለድ ነው፤ መክፈቻው ላይ የሚታየው የፖሊስ ፍተሻ ግን እውነተኛ ነው። ቀረጻ ላይ ሳሉ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የፊልሙን ባልደረቦች አስቁሞ ሲፈትሽ ካሜራው ይሠራ ነበር፤ ያንኑ ምስል ፊልሙ ውስጥ አስገቡት።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም እንደዚያው ነው። በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. መካከል፣ አገር በተናወጠበት ሰሞን፣ በአጭር ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ የባላባትና የጭሰኛ ታሪክ ነው። ልብ ወለድ መሆኑን ሳልነግራቸው ሳሳያቸው ተማሪዎቼ ዘጋቢ ፊልም ነው ብለው ያምናሉ። ገበሬው በሬ ሲጠምድ፣ ልጅቷ ከብት ስትጠብቅ ካሜራው አይቸኩልም።

ዘጋቢ ፊልሞቻቸው የትኞቹ ናቸው?

አራቱን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው በ1978 የሠሩት የ«ዊልሚንግተን 10» ፊልም ነው። በሰሜን ካሮላይና ግዛት ዘጠኝ ጥቁር ወንዶችና አንዲት ነጭ ሴት በ1971 በተነሳ ቃጠሎ ተከሰው፣ በድምሩ 282 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው ነበር። ፊልሙ የተሠራው ፍርዱ ገና ሳይገለበጥ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በ1980 ነው፤ የግዛቱ አስተዳዳሪ ሙሉ ምሕረት የሰጡት ደግሞ በ2012 መጨረሻ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እዚህ ላይ አስቆማቸዋለሁ። ጉዳዩ ካለቀለት በኋላ መዘገብ ቀላል ነው፤ ሰዎቹ እስር ቤት ሳሉ መቆም ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቃል።

ሁለተኛው በ1985 የወጣው የባለቅኔው የስተርሊንግ ብራውን ፊልም ነው። ብራውን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት በ1901፣ ያረፉት በ1989 ነው። በስተርጅናቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ግጥማቸውን በራሳቸው ድምፅ ሲያነቡ ዛሬ ማየት የምንችለው አንድ ሰው በጊዜው ካሜራ ይዞ ስለገባ ነው።

ሦስተኛው፣ በ1994 ለቢቢሲ የሠሩት ፊልም፣ ስሙ ሲተረጎም «ጎደሎ ጉዞ» እንደማለት ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ከቀይ ሽብር የተረፈውን ሰው ልብ ምን እንደተሸከመ ይጠይቃሉ። አራተኛው «አድዋ» ነው፤ በ1999 ወጣ። እርሱን ለብቻው ላውራ።

በአድዋ ጦርነት ላይ የተቀረጸ ተንቀሳቃሽ ምስል የለም። ታዲያ «አድዋ» እንዴት ዘጋቢ ፊልም ሆነ?

ከጠየቃችሁኝ ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን በሁለት ቀናት ልጀምር። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ለከፋይ ሕዝብ ያሳዩት ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። የአድዋ ጦርነት የተካሄደው መጋቢት 1 ቀን 1896 ነው፤ ማለትም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። በመካከላቸው ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው። ፊልም የሚባለው ነገር ራሱ ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነበር።

ስለዚህ ኃይሌ ወደ ሌላ መዝገብ ሄዱ። ሠዓሊዎቻችን የሣሉትን የአድዋ ሥዕል በካሜራ እየዳሰሱ ያሳዩናል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ፣ ሠራዊቱ ፊት ለፊት፣ ጣሊያኑ በአንድ ዓይን ወደ ጎን ሲታይ። የአባቶቻቸውን ወሬ የሚናገሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሉ። ዘፈንና ቀረርቶ አለ። ተራራው ራሱም ይናገራል፤ ካሜራው በአድዋ ሰንሰለታማ ተራሮች ላይ ሲዘገይ ሠራዊቱ በዚያ እንዴት እንደወጣ ዓይናችን ይገምታል።

አንድ ተማሪ «ታዲያ ይህ ማስረጃ ነው?» ብሎ ተከራከረኝ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር ያደገ ልጅ ሥዕል መዝገብ መሆኑን እንዴት ይጠራጠራል? አዝማሪ የጀግናን ስም ከነቦታው፣ ከነዋለበት ዘመቻ በግጥም ሲያስቀምጥ ኖሯል። ኃይሌ ያደረጉት እነዚህን መዝገቦች እንደ መዝገብ ማክበር ነው። የታሪክ ምሁር ቀርቦ እስኪያጸድቃቸው አልጠበቁም።

ከሁለተኛው ወረራ ጋር ስታነጻጽሩት ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስቱ የመጣው ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጋዝ ጋር ብቻ አልነበረም፤ ከካሜራ ጋርም ነው። በ1924 የተመሠረተው የጣሊያን መንግሥት የፊልም ተቋም፣ የሉቼ፣ ባለሙያዎች ከጦሩ ጋር እየተጓዙ ቀረጹ። ስለዚህ የአምስቱ ዓመት ተንቀሳቃሽ ምስል በአብዛኛው ወራሪው ያየው ነው፤ ሮም ተቀምጧል። አርበኞቻችን በዚያ ምስል ውስጥ ወይ ሽፍታ ናቸው ወይ እጅ የሰጡ ናቸው። ያ እንደገና የታርዛን ፊልም ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ስለዚህ ወረራና ስለ አርበኞቹ ሌላ ረጅም ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት አሥርታትን የደከሙት ለዚህ ነው፤ የወራሪውን ምስል የተወረረው ሰው ቃል እንዲተረጉመው።

ምን ምን ሽልማት አገኙ?

በብዛት የተሸለሙት በ2008 ባወጡት «ጤዛ» ነው። በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ። በዚያው ዓመት ቱኒዝያ ላይ በካርቴጅ ፌስቲቫል የወርቅ ታኒትን፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ ፌስቲቫል የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ፤ በአፍሪካ ፊልም ዘንድ ትልቁ ክብር ይህ የወርቅ ፈረስ ነው። ከዚያ ቀደም በ1982 የወጣው «አመድና ፍም» በበርሊን የዓለም አቀፍ ሃያሲያንን ሽልማት አግኝቷል። በ2021 ሎስ አንጀለስ ላይ የተከፈተው የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም የመጀመሪያውን የ«ቫንቴጅ» ሽልማት ለእርሳቸው ሰጠ።

ሽልማቱ ደስ ይላል። ግን ተማሪዎቼ ዝርዝሩን በቃላቸው ይዘው ፊልሞቹን ሳያዩ ሲቀሩ ያሳዝነኛል።

ገንዘቡን ከየት ያገኙ ነበር?

በብዙ ጭንቅ። «ጤዛ» ተጠንስሶ እስኪያልቅ 14 ዓመት ወስዷል። አንድ ልጅ ተወልዶ ስምንተኛ ክፍል የሚደርስበት ጊዜ ነው።

የ«ሳንኮፋ» ታሪክ ግን ሙሉ መልስ ይሰጣል። በ1993 ይህ የባርነት ፊልም በበርሊን ፌስቲቫል ውድድር ቀረበ። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው አንድም ትልቅ ድርጅት አልተገኘም። ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው፣ ፊልም ሠሪዋ ሺሪኪያና አይና፣ ራሳቸው ሲኒማ ቤት ተከራይተው አሳዩት። ማስታወቂያው በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየማኅበሩ፣ ከአፍ ወደ አፍ ነበር። ሰው ተሰለፈ፤ ፊልሙም ከከተማ ከተማ ለሳምንታት ተዘዋወረ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ «ሳንኮፋ» የተባለውን የመጻሕፍት፣ የፊልምና የቡና ቤት ከፈቱ። እስካሁን የሰፈሩ መሰብሰቢያ ነው።

ፊልሙን የሠራኸው አንተ ብትሆንም ማሳያውን ሌላ ሰው ከያዘው ታሪክህ ከእጅህ ይወጣል። እኔ ከሥራቸው ሁሉ በጣም የማደንቀው ይህን መረዳታቸውን ነው። ካሜራ የሚይዝ ሞልቷል፤ ቲኬቱን ራሱ ቆርጦ በሩ ላይ የሚቆም ግን ጥቂት ነው።

መምህርም ነበሩ ይባላል?

ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምረዋል። በእርሳቸው ሥር ከተማሩት አንዱ ብራድፎርድ ያንግ ነው፤ በምስል ቀረጻ ለኦስካር በመታጨት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኗል። ልጃቸው መራዊ ገሪማም በ2020 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን አውጥቷል። የመምህርነቱ ደመወዝ ደግሞ፣ ለማንም ሳያጎነብሱ ፊልም እንዲሠሩ ያስቻላቸው እንጀራ ነው።

በአማርኛ የሠሯቸው የትኞቹ ናቸው?

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እና «ጤዛ»። በ«ጤዛ» ውስጥ ጀርመንኛና እንግሊዝኛም ይሰማል፤ ዋናው ሰው አንበርብር ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ሐኪም ነውና። በ«አድዋ»ም ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው።

ጎንደር ተቀምጬ፣ ካሜራ ሳይኖረኝ ዘጋቢ ፊልም መጀመር እችላለሁ?

ስልክ ካለህ ካሜራ አለህ። ይልቅስ ስለ ሌላው ልንገርህ።

በኃይሌ የተማሪነት ዘመን በ16 ሚሊሜትር ፊልም ነበር የሚቀረጸው። የ400 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀርጻል፤ ጥቅሉም፣ ማጠቢያውም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት ያስባሉ። እናንተ በስልክ ሦስት ሰዓት ቀርጻችሁ ትመጡና አንድም የሚታይ ነገር አጣበታለሁ። ለአንድ ወር እንደ ጥቅል ፊልም ቁጠሩት፤ ለአንድ ሰው 11 ደቂቃ። ጥያቄያችሁ ወዲያው ይሳላል።

ድምፅ ከምስል ይበልጣል። ይህን ያወቅሁት ተጸጽቼ ነው። አንድ ነሐሴ፣ የአርበኛ ልጅ የሆኑ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። አባታቸው የሚፎክሩትን ፉከራ ከነዜማው ያውቁታል። «እማማ፣ እስቲ አንዴ ይበሉልኝ» አልኳቸው። ተነሥተው ቆሙ፤ ነጠላቸውን አደገደጉ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነ። በዚያው ቅጽበት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። እኔ ምስሉ አምሮልኛል ብዬ ቀጠልኩ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው የሚሰማው ዝናብ ብቻ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ቃሉ የለም። መስከረም ሲጠባ እመለሳለሁ ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ። መስከረምን አላዩትም።

ስለዚህ በክረምት ከሆነ ከጠዋቱ ቅረጹ፤ የሰማዩን ጠባይ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛ ስልክ ካገኛችሁ ድምፅ መቅጃ አድርጋችሁ ከተናጋሪው ደረት አጠገብ በጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ጥሪ እንዳይገባ መስመሩን ዝጉ። ሰውየው ሲያስብ ዝም ሲል አትናገሩ፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ቃል ነው ብዙ ጊዜ የሚፈለገው። የቀረጻችሁትንም በዚያው ምሽት በሁለት ቦታ ገልብጡት።

ስለ ምን ልቅረጽ?

ከእናንተ ቤት ጀምሩ። የፒያሳን የጣሊያን ሕንፃዎች ድንጋይ ማን ጠረበ? ከጃንተከል ዋርካ ሥር ማን ምን አየ? አያቶቻችሁ በ1966 ዓ.ም. የት ነበሩ፣ በቀይ ሽብር ማንን አጡ? ፋሲል ግቢን አትቅረጹ አልልም፤ ግን ግንቡን ቱሪስቱ ሁሉ ቀርጾታል። የግንቡን በር ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ሰው ማንም አልጠየቀም።

ሰውየው በኋላ «አታሳይብኝ» ቢለኝስ?

አታሳይ። ከመቅረጽህ በፊት ለምን እንደምትቀርጽና ማን እንደሚያየው ንገረው፤ ፈቃዱንም በካሜራ ፊት ይናገር። ሠርተህ ስትጨርስ ለማንም ከማሳየትህ በፊት ለእርሱ አሳየው። አዛውንት ከሆኑ ቤታቸው ሄደህ፣ ከቤተሰቡ ጋር ቡና ተፈልቶ ይመልከቱት። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሆነ አስተዳዳሪውን አስቀድመህ አስፈቅድ።

ፊልሞቻቸውን የት ማየት እችላለሁ?

«ሳንኮፋ» በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀርቧል። ሌሎቹ እንደ ልብ አይገኙም፤ አብዛኞቹን የሚያከፋፍሉት ራሳቸውና ቤተሰባቸው ስለሆኑ በዋሽንግተኑ «ሳንኮፋ» በኩል መጠየቅ ይሻላል። በስርቆት የተገለበጠ ቅጂ ይዛችሁ ስትመጡ አላሳይም የምለው ለዚህ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ የሚታየው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅ ከስምንት ሰዓት በፊት ግቡ፤ አያት ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፣ ከፊት ያሉት ወንበሮች ለእነርሱ ናቸው።